የአባቴ 75 ላንድክሩዘር ፒካፕ፦ ግቢ ውስጥ ላድሳት ነው፣ ከየት ልጀምር?

ደጀን_75 · መስከረም 28

ሰላም ለሁላችሁም።

አባቴ የተወልኝ የ1994 ሞዴል ላንድክሩዘር ፒካፕ አለኝ። ኤችዜድጄ75 ነው፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር። አባቴ ባሌ ውስጥ ቡና የነገደው በሷ ነው። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን ያቋርጣል፣ በሪራ ይወርዳል፣ የሐረናን ጫካ አልፎ ደሎ መና ይገባል። ልጅ ሆኜ በሱና በረዳቱ መሃል ተቀምጬ ብዙ ጊዜ አብሬው ወርጃለሁ። ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። መኪናዋ ሮቤ አጎቴ ግቢ ቆማ ቆየች፤ ባለፈው ወር አዲስ አበባ አመጣኋት። አሁን ሳሪስ ግቢያችን ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ናት።

"ሽጣት" የሚለኝ ብዙ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ በኋላ ደላላ በር ድረስ ይመጣል። አልሸጣትም። በእጄ ነው ላድሳት የምፈልገው። ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራም ራሴ እቀይራለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልሄድኩም።

ያለባትን ልንገራችሁ። የፊት ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ይረጫል። ፎር ዊል አስገብቼ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሬ ስነሳ ከፊት "ቀጭ ቀጭ" ይላል። ስልሳ ስትደርስ መሪው ይርገፈገፋል። ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ትስባለች። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ታጨሳለች።

ያሰብኩት ደግሞ 10 ሴንቲ ከፍ ላደርጋት፣ ሰፊ ጎማ፣ ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከጣሪያ ከፍታ እንዲስብ የሚያደርግ ቱቦ)፣ ከተቻለም ቱርቦ (ለሞተሩ አየር በግፊት የሚጨምር) ነው። ገንዘቤ ሁሉንም በአንዴ አይችልም። ከየት ልጀምር?

ሻርጃ_78 · መስከረም 28

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እንኳን አልሸጥካት።

እኔ ላንድክሩዘር 78ቱን ነው የምነዳው፤ ሞተራችን አንድ ነው። ቱርቦ ካስገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ሌላ መኪና ነው የሆነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሳነቴ ላይማ ከ4,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ቱርቦ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእናንተ ነው። እዚህ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የአሮጌ እቃ ሱቅ ሞልቷል፤ ዋጋ ጠይቄ ፎቶ እልክልሃለሁ።

ጋሽ_ካምቢዮ · መስከረም 29

ልጄ ደጀን፣ ቱርቦውን ለጊዜው እርሳው። ፍሬኗ የሚስብ፣ መሪዋ የሚርገፈገፍ መኪና ላይ ጉልበት አይጨመርም። መጀመሪያ መቆሟን እንይ።

የነገርከን ችግር አምስት ይመስላል እንጂ አራቱ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። የፊት ጎማው ከመሪ ጋር የሚዞርበት፣ ኳስ የመሰለው ክብ ቤት አለ። ናክል እንለዋለን። እዚያ ውስጥ ሴሚያሱ፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ከዲፈረንሻል መጥቶ ያልፋል። ሴሚያሱ የሚያልፍበት ላይ አንዲት ፓራኦሊዮ (ዘይት የምትይዝ የላስቲክ ቀለበት) አለች። ሥራዋ የዲፈረንሻሉን ዘይት ከናክሉ ግራሶ (ወፍራም ቅባት) መለየት ነው። እሷ ስትበላ ዘይቱ ወደ ናክሉ ይገባል፣ ግራሶው ይቀጥናል፣ ከዚያ ከናክሉ ጀርባ ባለው የላስቲክ ማሸጊያ በኩል እየወጣ ጎማህን ያለብሳል። ቅባቱ ዲስኩ ላይ ሲደርስ የግራው ሸራ ይጠጣዋል። ግራው አልይዝ ሲል ቀኙ ብቻውን ይይዛል፤ ወደ ቀኝ የምትስብህ ለዚህ ነው። ናክሉ ከላይና ከታች የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች (ቤሪንጎች) ደግሞ በቀጠነ ግራሶ ሲሠሩ ኖረው ተበልተዋል። መሪውን የሚያርገፈግፈው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። "ቀጭ ቀጭ" የሚለው ሴሚያሱ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ስድስት ኳስ መገጣጠሚያ ነው።

ስለዚህ ሥራህ አንድ ነው። ሁለቱንም የፊት ናክል ፍታ፣ እጠብ፣ ኩሽኔታውንና ፓራኦሊዮውን ቀይር፣ አዲስ ግራሶ ሙላ። ቴስቲናዎቹንም (የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መገጣጠሚያዎች) አብረህ እያቸው። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይበቃሃል።

የተሟላ የጥገና እቃ አንድ ላይ ታሽጎ ይሸጣል። ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌዋን ፓራኦሊዮ ይዘህ ሂድ። ከንፈሯን በጣትህ ዳብሳት፤ ለስላሳና እኩል መሆን አለባት። የታይሚንግ ቺንጋውስ (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደው ቀበቶ) መቼ ተቀየረ?

ሂሩት_ብየዳ · መስከረም 29

ደጀን፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሻሲውን አይተኸዋል? እኔ ሥራዬ ብየዳ ነው። የቆመ መኪና ሻሲ ከውጭ ደህና ይመስልና ከውስጥ ጭቃ ይዞ ይበሰብሳል። ትንሽ መዶሻ ያዝና ከፊት እስከ ኋላ እየቆረቆርክ ሂድ። ደህናው ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። የኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ሞላ) የሚንጠለጠልበትን ቦታ በደንብ እየው፤ ጭቃው የሚከማቸው እዚያ ነው።

ብየዳ ካስፈለገ ሻሲውን በቀጥታ አግድም እንዳያስይዙልህ። ስፌቱ ላይ እንደገና ይሰነጠቃል። ማጠናከሪያው ላሜራ ጫፎቹ ሾጠጥ ብለው ነው የሚቆረጡት። የባትሪ ገመድና የዲናሞ ገመድ ሳይነቀልም ማንም ብየዳ እንዳይጀምር።

ደጀን_75 · ጥቅምት 2

ጋሼ፣ እህቴ ሂሩት፣ አመሰግናለሁ።

ሻሲውን በመዶሻ አየሁት። ከቀኝ የኋላ ባሌስትራ በላይ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ድምፁ ሌላ ነው። ውስጡን በሽቦ ስቆፍር ቀይ አፈር በኩንታል ወጣ። አልተበሳም ግን ሳስቷል።

ስለ ቺንጋው፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በርቶ አያውቅም፤ ደህና ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ጋሽ_ካምቢዮ · ጥቅምት 2

ቁልፉን ሞተር ሳታስነሳ ክፈተው። ሌሎቹ መብራቶች ሲበሩ የቺንጋውም አብሮ መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም አንድ ሰው ነቅሎታል። መብራቷ በየ100,000 ኪሎ ሜትር የምትበራው ለዚሁ ነው። ብዙ ሹፌር ስትረብሸው ይነቅላታል። በዚህ ሞተር ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ ማለት ነው። ይህን ሳታረጋግጥ ሞተሩን አታስነሳ።

ደጀን_75 · ጥቅምት 4

ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። አልበራም። ከኋላ ስከፍተው የአምፖሉ ቦታ ባዶ ነው።

ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። የጋቢናውን ምንጣፍ ላጥብ ሳነሳ ከሥሩ የደረቀ ቡና ፍሬ ተበትኖ ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ የአባቴ ደብተር። ዘይት የቀየረበትን፣ ባሌስትራ ያሠራበትን፣ ጎማ የገዛበትን ሁሉ ከነኪሎ ሜትሩ ጽፏል። የቺንጋው ቀን አለ፦ 318,400 ላይ። አሁን ቆጣሪው 406,900 ይላል።

ጽሑፉን ሳይ ሥራዬን ትቼ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልኩ። እናቴ ምን ሆነ ብላ ወጣች። አሳየኋት፤ እሷም አነበበችው።

ጋሽ_ካምቢዮ · ጥቅምት 4

አባትህ መኪና የሚያውቅ ሰው ነበር። ደብተሩን እንዳትጥል፤ ካቆመበት ቀጥልበት።

88,500 ሄዷል። ኪሎ ሜትሩ ገና ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል፤ ሦስት ዓመት ቆማለች። ቺንጋውን፣ የሚወጥረውን ኩሽኔታና የውሃ ፖምፓውን አብረህ ቀይር። ይህን ሞተር ቶዮታ አሁንም ለአፍሪካ ገበያ 70 ተከታታይ ላይ ይገጥመዋል፤ አዲስ እቃ አታጣም።

ደጀን_75 · ጥቅምት 11

ናክሉን ጀመርኩ፤ ቆሜያለሁ። መኪናዋን በካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) አስቀምጬ ጎማውን አወጣሁ። የፍሬን ካሊፐሩን በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰርኩት። ፍሪዊሉ (ለፎር ዊል ጎማውን ከሴሚያሱ ጋር የሚያያይዘው) ላይ ያሉት ስድስቱ ዳዶዎች ተፈቱ፤ ነገር ግን ክዳኑ አልወጣም አለ። በካቻቢቴ ልፈለቅቀው ስሞክር ጠርዙን ቧጨርኩት። ከሥሩ ያለው ትልቁ ዳዶ ደግሞ ዙሪያው በመሮ ተበልቷል። ባለፈው ዓመት አጎቴ አንድ ጋራዥ ወስዷት ነበር፤ እዚያ በመሮና በመዶሻ ነው የፈቱት። ዳዶው እንዳይላላ የምትይዘው ባለ ምላስ ቀለበትም ተሰባብራለች።

ጋሽ_ካምቢዮ · ጥቅምት 11

አትፈልቅቀው! ከዳዶዎቹ ሥር ሾጣጣ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ናቸው የያዙት። ዳዶውን ጨርሰህ አታውጣ፤ ከብሎኑ ጫፍ እኩል እስኪሆን ብቻ ፍታው። ከዚያ የነሐስ ዘንግ አስደግፈህ ጠንከር አድርገህ ምታ። ብረት በብረት አትምታ። ሾጣጣዋ ራሷ ትፈነጠራለች፤ ዳዶው ስላለ ዓይንህን አትመታህም። ስድስቱም ሲለቁ ክዳኑ በእጅ ይወጣል።

ትልቁ ዳዶ 54 ቁጥር ቡሶላ (እንደ ቱቦ ዳዶው ላይ የሚገባ መፍቻ) ነው የሚፈልገው። መሮ እንዳታስነካው። እኔ ቶርኖ ቤት ከወፍራም ቱቦ ያሠራሁት አለ። ቄራ አካባቢ ነኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ውሰድ። ዳዶዎቹንና ቀለበቷን ግን አዲስ ግዛ።

የናክሉን ክዳን ስታወጣ ከላይና ከታች ቀጫጭን የብረት ወረቀቶች አሉ። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ለይተህ አስቀምጥ። ከተቀላቀሉ ናክሉ መሃሉን ይስታል። ሴሚያሱን ከመሳብህ በፊትም የዲፈረንሻሉን ዘይት አፍስስ።

ዴንቨር_60 · ጥቅምት 12

ከኮሎራዶ ነው የምጽፈው። የኔ ኤፍጄ60 ቤንዚን ነው፤ የፊት እግሩ ግን ከ75ቱ ጋር ወንድማማች ነው። ጋሽ ካምቢዮ ያሉት በሙሉ ልክ ነው። አንድ ልጨምር።

"ቀጭ ቀጭ" የሚለውን መገጣጠሚያ ወዲያው አትጣለው። ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ የሚበላው ወደፊት ስትነዳ ሸክም በሚያርፍበት ጎን ነው። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ብታዛውራቸው ሸክሙ ባልተበላው ጎን ያርፋል። የውስጥ ዘንጎቹ ርዝመት እኩል ስላልሆነ መገጣጠሚያውን ከዘንጉ አላቅቀህ እሱን ብቻ ነው የምትቀያይረው። እኔ እንዲህ ካደረግሁ ብዙ ሺህ ማይል ነድቻለሁ፤ ዝም ብሏል። ቦዩ ውስጥ ስንጥቅ ካየህ ግን ጣለው።

ሰመራ_ሾፌር · ጥቅምት 12

ሰላም። እኔ ለዓመታት ቱሪስት ወደ ዳሎልና አሳሌ ሐይቅ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ሁሉም ስለ ስኖርክል ያወራል። ስኖርክል ጥሩ ነው፤ አቧራም ይቀንሳል። ከሱ በፊት ግን በጥቂት ብር የሚሠራ ነገር አለ።

ዲፈረንሻሉ አናት ላይ መተንፈሻ አለ። ስትነዳ ዲፈረንሻሉ ይግላል። ወንዝ ውስጥ ስትገባ በአንዴ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ውሃ ይስባል። ከሳምንት በኋላ ዘይቱን ብታየው ማኪያቶ መስሏል። ኩሽኔታው ዝገት ይጀምራል። መድኃኒቱ መተንፈሻው ላይ የጎማ ቱቦ አስረህ እስከ ሞተር ክፍሉ አናት ማውጣት ነው። ለፊቱም፣ ለኋላውም፣ ለካምቢዮውም። አሁን ፊቱን ፈተኸዋልና አብረህ ሥራው።

ጨው ካለበት አገር ከሄድክ ደግሞ በዚያው ቀን ሥሯን በንጹሕ ውሃ እጠባት። ለነገ አይባልም።

ደጀን_75 · ጥቅምት 19

ተፈታ!

ጋሼ፣ ቡሶላው ሕይወቴን አዳነኝ። የነሐስ ዘንግ ምናለሽ ተራ አገኘሁ። ሦስተኛው ምት ላይ የመጀመሪያዋ ሾጣጣ "ጢቅ" ብላ ወጣች። ያን ድምፅ አልረሳውም።

የግራው ናክል ውስጥ ያለው ግራሶ አልነበረም። ጥቁር ሾርባ ነው፤ ሳህኑ ውስጥ ተዘረገፈ። የታችኛውን ኩሽኔታ በጣቴ ሳዞረው እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። መቀመጫው ላይ ሮለሮቹ የቆሙበት ቦታ በጥፍሬ የሚታወቅ ጎድጓዳ መስመር ሠርቷል። መሪው ለምን እንደሚርገፈገፍ ያን ጊዜ ገባኝ። የቀኙ ይሻላል፤ እሱንም ግን ሁሉንም ቀየርኩ።

መገጣጠሚያዎቹን ዴንቨር_60 እንዳለው አዛወርኳቸው። ስንጥቅ የለም።

የፍሬን ሸራውን በቤንዚን ላጥበው?

ጋሽ_ካምቢዮ · ጥቅምት 19

አይሆንም። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ሲሞቅ መልሶ ያልበዋል። ሁለቱንም ጎን አዲስ አድርግ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው፤ እንዲያ ያለ ቁልቁለት ላይ በሸራ አይቆጠብም። የኋላውን ታምቡርም ክፈተውና እይ።

ደጀን_75 · ጥቅምት 20

እሺ ጋሼ። አሁን ወደ ማሳደጉ ልምጣ? ጎማው ገበያ ላይ ስፋቱ 285 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ ብለውኛል። ባሌስትራው ላይ ከኤንፒአር (አይሱዙ የጭነት መኪና) ብረት ጨምሮ ከፍ የሚያደርግም ሰው አግኝቻለሁ።

ዴንቨር_60 · ጥቅምት 20

ወንድሜ፣ 10 ሴንቲ ብዙ ነው። እኔ አድርጌ መልሼ ያወረድኩት ነገር ነው።

የ75 ፒካፕ ባሌስትራ የተሠራው ለጭነት ነው። ባዶዋን ስትሄድ አሁንም ትደበድብሃለች። የከባድ መኪና ብረት ስትጨምርበት ከፍ ትላለች፤ ጎማው ግን ከመሬት ጋር መሄድ ያቆማል። ወጣ ገባ መንገድ ላይ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀርና ትቆማለህ። የፊቱ ሲነሳ ደግሞ ናክሉ ወደ ኋላ ጋደል የሚልበት ልክ ይቀየራል፤ መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ትቅበዘበዛለህ። በባሌስትራውና በአክሱ መሃል በሚገባ ሾጣጣ ብረት ይስተካከላል። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም ያጥራሉ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ማዕዘኑ ይከፋና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የኋላ ፍሬንን እንደ ጭነቱ የሚመጥነው ቫልቭ ደግሞ ከአክሱ ጋር በዘንግ የተያያዘ ነው። መኪናዋ ስትነሳ ባዶ ናት ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንስብሃል።

5 ሴንቲ በቂ ነው። ለመኪናዋ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ ከነአሞርቲዛተሩ።

ሰመራ_ሾፌር · ጥቅምት 21

ጎማውን በተመለከተ ቸርኬው ባለ ቀለበት (ጎማውን የሚይዝ ተነቃይ ቀለበት ያለው) ነው አይደል? 7.50 በ16? እሱ ከሆነ 235/85 በ16 ግዛ። ቁመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ 806 ሚሊ ሜትር። ቆጣሪህ አይዛባም፣ ማርሹ አይከብድም። ጭቃ ላይ ቀጭን ጎማ ቆርጦ ይወርድና ጠንካራውን መሬት ይይዛል። ሐረና ውስጥ የሚያስፈልግህ እሱ ነው።

ቸርኬውን ቀለበት ወደሌለው ቀይረው። የ75ቱ ባለ ስድስት ብሎን ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ያሉት 78 እና 79 ባለ አምስት ስለሆኑ አይገቡልህም። ይህን ሳያውቅ የገዛ ጓደኛ አለኝ። እስክትቀይር ድረስ ባለ ቀለበቱን ጎማ ስታስነፋ ከፊቱ አትቁም። ቀለበቱ በሰንሰለት ይታሰር። ሰው ሲገድል አይቻለሁ።

ሻርጃ_78 · ጥቅምት 21

ቱርቦውን ሁላችሁም ዘለላችሁት እኮ። ጋሼ፣ በክብር ልጠይቅዎት፦ ከጭስ ሙቀት መለኪያ ጋር ከተገጠመ፣ ግፊቱ ዝቅ ከተደረገ ምን ችግር አለው? የኔ እዚህ በረሃ ላይ እየሠራ ነው።

ጋሽ_ካምቢዮ · ጥቅምት 22

ያንተ እየሠራ ያለው መለኪያውን አይተህ እግርህን ስለምታነሳ ነው። ለዚያ አከብርሃለሁ።

1ኤችዜድ ቱርቦ ኖሮት አልተወለደም። ናፍጣው መጀመሪያ የሚነደው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ሙቀቱ እዚያው ይታመቃል። ቱርቦና ተጨማሪ ናፍጣ ሲመጣበት ቴስታታው በቫልቮቹ መሃል ይሰነጠቃል። እኔ በእጄ ሦስት አውርጃለሁ፤ ሦስቱም በልምድ የተገጠመ ቱርቦ ነበራቸው። መለኪያ አንዱም አልነበረውም።

ደግሞ የደጀን ጭስ የጉልበት ማነስ ብቻ አይደለም። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ፊልትሮው ይቀየር፣ ኖዝሎቹ (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት) ፖምፓ ቤት ይፈተሹ። የፖምፓው ማኅተም ተቆርጦ ከሆነ አንድ ሰው ናፍጣ ጨምሮበታል፤ ይቀነስ። አባትህ በዚህ ሞተር ሳነቴን ስንት ዓመት ከነጭነቱ ወጥቶታል። ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ግን ይወጣል።

ሻርጃ_78 · ጥቅምት 22

ገባኝ ጋሼ። ደጀን፣ ቱርቦውን ተወው። የባሌስትራውን ዋጋ ግን ጠይቄልሃለሁ፣ በውስጥ መስመር ልኬዋለሁ።

ሂሩት_ብየዳ · ጥቅምት 23

ሻሲውንስ? ባሌስትራ ከመጣ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው የሚሠራው። እሑድ ነፃ ነኝ፤ ሳሪስ ለኔ ቅርብ ነው። ማሽኔን ይዤ እመጣለሁ፣ አንተ ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፈግፍገህ ጠብቀኝ።

ደጀን_75 · ኅዳር 9

ትናንት ወጣሁ። ታርማበርን አልፌ ደብረ ሲና ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ሂሩት ሻሲውን አጠናክራለች፤ ሥራዋ እጅ የሚያስቆረጥም ነው። ኖዝሎቹ ተፈተሹ፣ ሁለቱ ይንጠባጠቡ ነበር። የፖምፓው ማኅተም ተቆርጦ ነበር፤ ባለሙያው ቀነሰው። ቺንጋው፣ የውሃ ፖምፓው፣ የፊት ሸራዎቹ አዲስ ናቸው። አምፖሉንም መለስኩላት። ባሌስትራና ጎማ ገና ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ልጠብቅ።

መሪው በሰማንያም ፀጥ ብሏል። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ቀጥ ብላ ቆመች። ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ነው የወጣሁት፤ በመስታወት ሳይ ጭሱ ስስ ነው። ግቢ ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት መሬት ላይ ተኝቼ የግራውን ጎማ ከውስጥ መዳበስ ነው። ደረቅ። እጄ ላይ አቧራ ብቻ ነበር።

ደብተሩ ላይ ከአባቴ ጽሑፍ ሥር ጻፍኩ፦ 407,310፣ ሁለቱም ናክል፣ ቺንጋ፣ ፊት ሸራ። ታኅሣሥ ላይ እናቴን ይዤ ወደ ጎባ እወጣለሁ።

አዋሳ_ፓትሮል · ኅዳር 9

ውይይቱን ከመጀመሪያው አነበብኩት። የኔ ፓትሮል ነው እንጂ 75 አይደለም፤ ጓደኛዬ ግን ያው የፊት እግር ያለው 75 አለው፣ እሱም ጎማው ቅባት ይረጫል። ያ 54 ቁጥር ቡሶላ ይገኛል?

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 10

ደጀን ጋር ነው። ደጀን፣ አጥበህ ላክለት፤ አዋሳ የሚሄድ ሰው አታጣም። ስትጨርሱ ወደኔ ይመለስ፣ ከደብረ ዘይትም አንድ ልጅ እየጠበቀ ነው።